ትራክተር የቀለባት የስፖርት መኪና፦ የሰር ዴቪድ ብራውን ሕይወት

በ1946 መጨረሻ ግድም፣ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር ውስጥ የትራክተርና የማርሽ ፋብሪካ የነበራቸው ዴቪድ ብራውን «ዘ ታይምስ» የተባለውን ጋዜጣ ሲያገላብጡ ዐይናቸው በአንዲት አጭር የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ዐረፈ። ማስታወቂያዋ የሚሸጠው ደረጃው ከፍ ያለ የመኪና ሥራ ድርጅት መሆኑን ትገልጻለች እንጂ የድርጅቱን ስም አትናገርም። ጠያይቀው ሲደርሱበት አስተን ማርቲን ሆኖ አገኙት። በማግስቱ ዓመት በ20 ሺህ 500 ፓውንድ ገዙት። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመታት ያህል እኒህ ሰው ከትራክተርና ከማርሽ የሚያገኙትን ትርፍ በስፖርት መኪና ላይ ሲያፈስሱ ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የከተማ ነዋሪ አስተን ማርቲንን በአብዛኛው የሚያውቃት በፊልም ነው። በ1964 ለዕይታ በበቃው «ጎልድፊንገር» በተሰኘው የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ብርማ ቀለም ተቀብታ የታየችው መኪና ዲቢ5 ትባላለች። ዲቢ የሚሉት ሁለቱ ፊደላት የዴቪድ ብራውን የስማቸው መነሻ ናቸው። ያው ስም ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ደግሞ በቀያይ የእርሻ ትራክተሮች ላይ ይታይ ነበር። እንግሊዛዊው ገበሬ ዴቪድ ብራውን ሲባል የሚታየው ጭቃ የለበሰ ትራክተር ነው፤ ለከተሜው ደግሞ በአንጸባራቂ ቀለም የተሽሞነሞነች መኪና ናት። ሁለቱ ከአንድ ኪስ የወጡ መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

ዴቪድ ብራውን ግንቦት 10 ቀን 1904 በሐደርስፊልድ ከተማ ተወለዱ። አያታቸውም በተመሳሳይ ስም ዴቪድ ብራውን ይባሉ ነበር። አያት በ1860 ሥራ ሲጀምሩ የሚቀርጹት ከእንጨት ነበር፤ በኋላ ብረት የሚቀልጥበትና የሚፈስስበት የጥርስ ማርሽ ቅርጽ ያዘጋጁ ነበር። ሐደርስፊልድ የሱፍና የጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረችና ማርሽ ፈላጊው ብዙ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ አንዱ ጥርስ ሌላውን ጥርስ ካልነከሰ ሞተሩ ብቻውን ቢጮህ ዋጋ የለውም። ቤተሰቡ ከእንጨቱ ቅርጽ ተነሥቶ ማርሹን ራሱን ወደማምረት ተሸጋገረ። የልጅ ልጁ ዴቪድ ወደ ፋብሪካው የገቡት በ17 ዓመታቸው፣ በሙያ ተለማማጅነት ነው። ወጣቱ ፍጥነት ይወዱ ነበር፤ በሞተር ብስክሌትና በመኪና ዳገት የመውጣት ውድድሮች ላይ ተሳትፈዋል። በ1932 ገና በ28 ዓመታቸው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ከማርሽ ወደ ትራክተር ያሻገራቸው አንድ አየርላንዳዊ የገበሬ ልጅ ነው። ሀሪ ፈርጉሰን ይባላል። ስሙ በእኛም ሀገር እንግዳ አይደለም፤ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ የሚታዩት የማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች የስማቸው ግማሽ የእሱ ነው። ፈርጉሰን ለዓመታት ሲመራመርበት የኖረው ጉዳይ ማረሻው ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነበር። በዚያ ዘመን ማረሻ እንደ ተሳቢ ከኋላ ይጎተት ነበር። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ትራክተሩ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ይደፈጥጠዋል፤ በዚህ የሞቱ ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ አካል ጋር አያያዘው። ሁለቱ ክንዶች ከታች፣ አንዱ ከላይ ናቸው። አፈሩ ሲጠጥር የላይኛው ክንድ ይገፋል፤ ግፊቱ ለሃይድሮሊኩ ይደርሰዋል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። የማረሻው ክብደት በትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላል ትራክተር እንኳ ሳይንሸራተት ያርሳል። ዛሬ የትኛውም ሀገር የተሠራ ትራክተር ጀርባው ቢታይ እነዚያ ሦስት ነጥቦች አሉ።

ፈርጉሰን ለሙከራ ትራክተሩ ማርሽ ያሠራው በብራውን ፋብሪካ ነበር። ውጤቱ ተስፋ ስለሰጠ ሁለቱ ሰዎች ተስማሙ፤ ብራውን ሊያመርቱ፣ ፈርጉሰን ሊሸጥ። ፈርጉሰን ብራውን የተባለው ግራጫ ትራክተር በ1936 ለገበያ ቀረበ። 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው። ዋጋው 224 ፓውንድ ሲሆን ማረሻና ሌሎች መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው በ26 ፓውንድ ለብቻ ይሸጡ ነበር። ገበሬው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። በገበያው የሰፈነው ፎርድሰን ትራክተር በዋጋ እጅግ ይረክስ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ገበሬው ቀድሞ የገዛው ማረሻ ለአዲሱ ትራክተር አይገጥምለትም። ትራክተር ሲገዛ መሣሪያውንም ከነጭራሹ መቀየር ነበረበት። ይህ ለማንም ገበሬ ከባድ ውሳኔ ነው።

ያልተሸጡ ትራክተሮች በግቢው ሲከማቹ ሁለቱ ባልደረቦች ተቃቃሩ። ፈርጉሰን ብዙ ተመርቶ ዋጋው ይውረድ ይላል። ብራውን ደግሞ ገበሬው የሚፈልገው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ነው ባይ ናቸው። ፈርጉሰን በሠራው ሥራ ላይ አንዲት ብሎን እንድትቀየር የማይፈቅድ ሰው ነበር። በ1938 አንዱን ትራክተር በመርከብ አስጭኖ ወደ አሜሪካ ሄደና ለሄንሪ ፎርድ አሳየው፤ ሁለቱም ያለ አንዳች የጽሑፍ ውል እጅ ለእጅ ተጨባብጠው አብረው ለመሥራት ተስማሙ። ብራውን ብቻቸውን ቀሩ። ሁለቱ በተለያዩበት ጊዜ ከእጃቸው የወጣው ትራክተር 1 ሺህ 350 ገደማ ብቻ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ለመደው የማርሽ ሥራ ይመለስ ነበር። ብራውን ግን ሜልታም በተባለች ከተማ ሥራ ያቆመ ሰፊ የክር ፋብሪካ ገዝተው፣ በራሳቸው ንድፍ ትራክተር መሥራት ያዙ። ቀዩ ቪኤኬ1 ሐምሌ 1939 በዊንዘር በተካሄደው ታላቁ የእርሻ ትርዒት ላይ ሲቀርብ ከ3 ሺህ በላይ ትእዛዝ ተቀበሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ። የሜልታም አዳራሾች ለተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር የሚሆን ማርሽ ማምረት ጀመሩ፤ ቸርችል ለተባለው ታንክ የሚሆነው ካምቢዮም በብራውን ድርጅት ሙያተኞች ተሠራ። ትራክተሩ በጦርነቱ ዘመን በሙሉ የተመረተው በጥቂቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን አውሮፓ ተርቦ ነበርና መሬት የሚገለብጥ ማንኛውም መሣሪያ ይፈለጋል። በ1947 የወጣው ክሮፕማስተር የተባለው ትራክተር በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 60 ሺህ ገደማ ተሸጠ። ስድስት ማርሽ ነበረው፤ ወንበሩም ሁለት ሰው ያስቀምጣል፤ ገበሬው ጎረቤቱን ወይም ልጁን ከጎኑ አድርጎ ይሄድበታል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ማስታወቂያዋ የመጣችው።

አስተን ማርቲን ስሙ ትልቅ፣ ቤቱ ባዶ ነበር። በ1913 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ላዮኔል ማርቲን በአስተን ኮረብታ ላይ በሚደረገው የዳገት ውድድር ይካፈል ነበርና የሰውየውና የኮረብታው ስም ተጣምሮ የመኪናዋ መጠሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ከስሮ ከባለቤት ወደ ባለቤት ተላልፏል። ብራውን ሲያገኙት በእጁ የነበረው አቶም የተባለች አንዲት የሙከራ መኪና፣ ያረጁ መሣሪያዎችና ጥቂት ሙያተኞች ነበሩ። ብራውን አቶምን ወስደው በዮርክሻየር መንገዶች ላይ ነዷት። በመታጠፊያ ላይ አያያዟ ማረካቸው፤ ሞተሯ ግን ደካማ ሆነባቸው። ችግሩን የፈቱበት መንገድ የባሰ ገንዘብ የሚያስወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ላጎንዳ የተባለውን ሌላ ችግር ላይ የወደቀ የመኪና ድርጅት በ52 ሺህ 500 ፓውንድ ገዙ። የፈለጉት ድርጅቱን አልነበረም፤ በታዋቂው መሐንዲስ ደብልዩ ኦ ቤንትሊ መሪነት የተነደፈውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበር። የላጎንዳን ሞተር ወስደው በአስተን ማርቲን አካል ውስጥ አስገቡት። በ1950 ዲቢ2 ተወለደች።

ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ስለ ትርፍ አያስብም ማለት አይደለም። ብራውን በፋብሪካቸው ውስጥ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። መኪናዋ የውድድር ድል ብታመጣ የትራክተሩና የማርሹም ስም አብሮ እንደሚነሣ ያምኑ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሂሳቡ የነጋዴ ሂሳብ አይመስልም። በወጣትነታቸው ዳገት ላይ የሮጡት ሰው በጎልማሳነታቸው ገንዘብ አግኝተው ዳግም ሮጡ ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ትልቁ ምኞታቸው በፈረንሳይ ለማን የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር ማሸነፍ ነበር። በዚያ ዘመን በውድድሩ ሁለት ነጂዎች እየተፈራረቁ ሌሊቱን ጨምሮ አንድ ቀን ሙሉ ይነዱ ነበር። በየዓመቱ እየሄዱ በየዓመቱ ተመለሱ። በተለይ አንድ ነገር ያሳፍራቸው ነበር። የውድድር መኪናቸው የዲቢአር1 ደካማ ጎን ካምቢዮዋ ነው። ማርሽ በመሥራት ከአያት ጀምሮ የታወቀ ቤት በማርሽ ታማ። በ1957ቱ የለማን ውድድር ቶኒ ብሩክስ በሁለተኛነት ሲነዳ ማርሹ በአራተኛ ላይ ተቸንክሮ አልነቃነቅ አለው። ለማላቀቅ ሲታገል መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች፤ እሱም ቆሰለ።

1959 የካሳ ዓመት ሆነ። በሰኔ ወር መጀመሪያ በጀርመን ኑርበርግሪንግ የተደረገው የ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ድርጅቱ የላከው አንዲት መኪና ብቻ ነበር፤ ያችንም የላከው ስተርሊንግ ሞስ ስለወተወተ ነው። ሞስ ሩቅ ቀድሞ መሪውን ለባልደረባው ለጃክ ፌርማን አስረከበ። ፌርማን መንገዱ አዳልጦት መኪናዋን ቦይ ውስጥ ከተታት። የሚረዳው ሰው አልነበረም። በትከሻው ተሸክሞ፣ በጀርባው ገፍቶ ብቻውን አወጣት። ትራክተር ከቦይ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያደክም አይጠፋውም፤ መኪናዋ ቀላል መሆኗ በጀው። ሞስ መሪውን መልሶ ይዞ የቀደሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አልፎ አሸነፈ።

በዚያው ወር 20 እና 21 ለማን ላይ ሦስት መኪኖች ተሰለፉ። ሞስ ከመነሻው ጀምሮ በኃይል እየነዳ የጣሊያኖቹን ፌራሪዎች እንዲያሯሩጣቸው ታዘዘ። እሱ መኪናው ተበላሽቶ ወጣ፤ ሲያሳድዱት የነበሩት ፌራሪዎችም ተራ በተራ ሞተራቸው ተቃጠለ። በመጨረሻው ሰዓት ፊት ላይ የቀረችው በሮይ ሳልቫዶሪና በካሮል ሼልቢ የምትነዳው አስተን ማርቲን ነበረች። ሼልቢ አሜሪካዊ ነው፤ ወደ ውድድሩ ዓለም ከመግባቱ በፊት በቴክሳስ ዶሮ ያረባ ነበር። ዶሮዎቹ በበሽታ አልቀውበት ከከሰረ በኋላ መኪና መንዳት ያዘ። በለማንም የለበሰው ገበሬዎች የሚለብሱትን ባለ መስመር የሥራ ቱታ ነበር። መኪናዋ 323 ዙር፣ ማለትም 4 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አንደኛ ወጣች፤ ሁለተኛዋም አስተን ማርቲን ሆነች። የ55 ዓመቱ ዴቪድ ብራውን ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከአሸናፊዎቹ ጋር መኪናዋ ላይ ወጥተው የሕዝቡን ጭብጨባ ተቀበሉ።

የዓለም ሻምፒዮናው የሚለየው መስከረም ላይ በእንግሊዝ ጉድዉድ ነበር። እየመራች የነበረችው የአስተን ማርቲን መኪና ነዳጅ ስትሞላ እሳት ተነሣ፤ ሳልቫዶሪ ልብሱ እየነደደ ዘሎ ወጣ። የነዳጅ መሙያና የጎማ መቀየሪያ ስፍራቸው ተቃጠለ። ያለ ስፍራ ደግሞ ውድድሩን መቀጠል አይቻልም። በዚህ ጊዜ አስተን ማርቲን በግሉ ገዝቶ የሚወዳደረው ግራሃም ኋይትሄድ የራሱን መኪና ከውድድሩ አስወጥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። ሞስ በሌላኛዋ መኪና ገብቶ አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮናነቱም በትራክተር አምራቹ እጅ ገባ።

መንገድ ላይ የሚነዱት የአስተን ማርቲን መኪኖች ደረጃም ከዚህ ዘመን ጀምሮ ከፍ አለ። በ1958 የወጣችው ዲቢ4 ቅርጿን ያገኘችው ከሚላኖ ነው። ቱሪንግ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎችን እንደ ጎጆ ማገር አዋቅሮ ከላይ በእጅ የተቀጠቀጠ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ያለብስ ነበር። ሞተሯን የነደፉት ፖላንዳዊው መሐንዲስ ታዴክ ማሬክ ናቸው፤ 3 ነጥብ 7 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ አካሉ አልሙኒየም። መኪናዋ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሳ እንደገና እስክትቆም 30 ሰከንድ አይፈጅባትም ነበር። በ1963 ተሻሽላ ባለ 4 ሊትር ሞተር ስትሆን ዲቢ5 ተባለች። ሁሉም ተደምሮ ከ1 ሺህ 100 ያነሱ ዲቢ5 መኪኖች ናቸው የተሠሩት።

እንዲህ ያለችውን መኪና መያዝ ደስታም ሸክምም ነው። ፍሪሲዮኗ እግር ያደክማል፤ መሪዋ በዝግታ ሲሄዱ ይከብዳል። ጠዋት አስነሥቶ ወዲያው መብረር የለም፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት እስኪሞቅ በትዕግሥት መንዳት ያስፈልጋል። ሦስቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ እነሱን ማስማማት የጆሮ ሥራ ነው። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት ባለ ራጂ ናቸው። የሚታሠሩት በአንድ ትልቅ መሃል ብሎን ሲሆን የሚፈታውም የሚጠብቀውም በመዳብ መዶሻ እየተመታ ነው፤ ጥርሶቹ ግራሶ ካላገኙ ይበላሉ። ከሁሉ የከፋው የሚደበቀው ችግር ነው። አልሙኒየሙ ከብረቱ ቱቦ ጋር በሚነካካበት ስፍራ እርጥበት ሲገባ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላላሉ። ከላይ ቀለሟ እንደ መስታወት የሚያበራ መኪና ከውስጥ አጥንቷ አልቆ ሊሆን ይችላል። የማሬክ ሞተርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስቸግሯል፤ በረጅም አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዳ አልሙኒየሙ በሙቀት እየሰፋ የዘይቱ ግፊት ይወርድና ዋናው ዘንግ የተቀመጠበት ይበላል። የዘይቱ መጠን ተጨምሮ፣ ማቀዝቀዣ ተገጥሞ ቆይቶ ተስተካከለ። የራሳቸው የብራውን ድርጅት የሚሠራው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮም በዲቢ5 ላይ ለጀርመኑ ዜድኤፍ ባለ አምስት ማርሽ ቦታውን ለቀቀ። ባለቤቱ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው የተሻለውን መቀበላቸው ሊነገርላቸው ይገባል።

እንክብካቤን ለሚያውቅ ግን ይህች መኪና ሩቅ የምታደርስ ናት። ቆማ ከምትውል ብትነዳ ይሻላታል፤ ቁማ ስትከርም ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዋና ላስቲኮቿ ይደርቃሉ፣ ነዳጇ ይሻግታል። ትራክተሩን ከክረምት እስከ ክረምት ጣሪያ ሥር ጥሎ የሚረሳ ገበሬ የሚገጥመውም ይኸው ነው።

ብራውን ራሳቸው መኪናዋን ለትርዒት አላስቀመጧትም። ፈረስና አደን ይወዱ ነበር፤ ውሾቻቸውንና የፖሎ ዕቃቸውን ዲቢ5 ውስጥ ሲጭኑ ቦታው ጠበባቸው። ሠራተኞቻቸው ከኋላዋ አራዝመው፣ ጣሪያዋን አስቀጥለው፣ ውሻና ጭነት የምትይዝ አደረጉላቸው። ያዩ ደንበኞች እኛም እንዲህ ያለ ይሠራልን ስላሉ ሃሮልድ ራድፎርድ የተባለ ድርጅት አሥራ ሁለት ያህል ሠራ። የዓለምን ውድድር ያሸነፈች መኪና ዘር የውሻ መጫኛ መሆኗ ያስቃል፤ ነገር ግን የገጠር ሰው ጠባይ ነው።

ስለ ዋጋዋ የሚነገር ጨዋታም አለ። አንድ ወዳጃቸው መኪናዋን በወጣባት ወጪ እንዲሸጡለት ለመናቸው ይባላል። ብራውን በደስታ ተስማሙ፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን ከገበያው ዋጋ በ1 ሺህ ፓውንድ በልጦ ተገኘ። ወጪዋ ያ ነበርና። ጨዋታው ይሁን እውነት፣ ሁኔታውን በትክክል ያሳያል። እያንዳንዷ መኪና ስትሸጥ ጉድለቱን የሚሞላው ሜልታም የሚመረተው ትራክተርና ሐደርስፊልድ የሚሠራው ማርሽ ነበር።

ቀለቡ እንዳይቋረጥ ትራክተሩ መሸጥ ነበረበት። በ1960ዎቹ ብዙው ትራክተር ወደ ውጭ ሀገር ይላክ ነበር። ብራውን በ1968 በንግሥቲቱ የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ነገር ግን አሥርቱ ዓመታት ሲያበቁ ገበያው ተቀዛቀዘ፤ ያልተሸጠ ትራክተር እንደ 1930ዎቹ በግቢው መሰለፍ ጀመረ። ባንኮች ብድራቸውን ጠየቁ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ከእጃቸው ወጣ። በ1972 የትራክተሩ ድርጅት የኬዝ ትራክተሮች ባለቤት ለነበረው ለአሜሪካኑ ቴኔኮ ተሸጠ። አስተን ማርቲን ደግሞ ዕዳው ከተከፈለለት በኋላ በ101 ፓውንድ ለአንድ የበርሚንግሃም ድርጅት ተላለፈ። ሃያ አምስት ዓመት የተደከመበት፣ ለማንን ያሸነፈ ስም ዋጋው ከአንድ የ1936 ትራክተር ግማሽ አልሞላም።

ይህን ሽያጭ የሚነቅፉ አሉ። ትራክተሩን ያደከመችው መኪናዋ ናት የሚሉም አሉ። በየዓመቱ የፈሰሰባት ገንዘብ ለአዲስ የትራክተር ሞተርና ለአዲስ ማሽን ቢውል ኖሮ የሜልታም ሠራተኛ ዕጣ ሌላ ይሆን ነበር የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ የትራክተር ገበያ በዚያ ዘመን ትልልቆቹን አሜሪካውያን አምራቾች እንኳ አስጨንቋል፤ የአንድ ቤተሰብ ድርጅት ከእነሱ ጋር ተፎካክሮ መዝለቁ መኪና ባይኖርም አጠራጣሪ ነበር። ብራውን ሁለቱንም በአንድ ጫንቃ መሸከም መረጡ፤ ሲወድቁም ሁለቱም አብረው ወደቁ።

ሰር ዴቪድ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቮስፐር የተባለው የመርከብ ሥራ ድርጅታቸው በ1977 በመንግሥት ተወረሰ። እሳቸውም ሀገራቸውን ትተው ሞንቴ ካርሎ ገቡ። የሜልታም የትራክተር ፋብሪካ በ1988 ተዘጋ። አስተን ማርቲን ግን ብዙ ባለቤት ቀያይሮ፣ ከአንዴም ሊዘጋ ደርሶ፣ በፎርድ እጅ ገባ። የፎርድ ሰዎች አዲስ መኪና ሲያዘጋጁ የጥንቱን ስም ሊመልሱ ፈለጉ። ሽማግሌው ተጠይቀው ፈቀዱ፤ የድርጅቱ የክብር ፕሬዚዳንትም ተደረጉ። ዲቢ7 በመጋቢት 1993 በጄኔቫ ለሕዝብ ታየች። ሰር ዴቪድ ብራውን በዚያው ዓመት መስከረም 3 ቀን በሞንቴ ካርሎ በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1959 ፌርማን ከቦይ ያወጣት፣ ሞስ ያሸነፈባት ያች ዲቢአር1 በ2017 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በተደረገ ጨረታ በ22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠች። በጨረታ ከተሸጡ የእንግሊዝ መኪኖች ሁሉ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ዋጋ ያወጣ አልነበረም። በሜልታም ደግሞ የዴቪድ ብራውን ትራክተር ወዳጆች ማኅበር ሙዚየም አቋቁሟል፤ ፋብሪካው ሲሠራ ከነበረበት ሳይርቅ ቀያዮቹ ትራክተሮች ተሰልፈው ይጎበኛሉ።